መብራት ሄዶ ሲመጣ ዩኤስቢው ሁሉ ካቆመ፦ ማዘርቦርድ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው፦ «ሰላም ለእናንተ። የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት የምሰጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ኮምፒውተሬ ዴስክቶፕ ነው፣ ዊንዶውስ 10። ባለፈው መብራት ሄዶ ሲመጣ ዩኤስቢዎቹ ተበላሹ። ከፊት ያሉት ሁለቱ ላይ ምንም ብሰካ ድምፅም የለ፣ መልስም የለ። ከኋላ ማውሱ አንዱ ላይ ብቻ ይሠራል፤ በሌሎቹ ላይ ፕሪንተሩንም የደንበኛ ፍላሽም ስሰካ ‹ዩኤስቢ ዲቫይስ ኖት ሪኮግናይዝድ› ይላል። ስልኬን ስሰካው ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን አይታይም። ኪቦርዴ የድሮው ክብ መሰኪያ ያለው ስለሆነ ይሠራል። አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ያየው ልጅ ‹ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር› አለኝ። እውነቱን ነው? ሌላ መላ የለውም?»

መልስ፦

እህቴ፣ ማዘርቦርድ ለመግዛት አይቸኩሉ። መብራት ሲመላለስ ማዘርቦርድ ይቃጠላል፣ ይህ እውነት ነው፤ እርስዎ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ግን አብዛኞቹ የሚናገሩት ሌላ ነገር ነው። ዩኤስቢ ሲያቆም ቦርዱ የመጨረሻው ተጠርጣሪ መሆን ሲገባው ብዙ ጥገና ቤት መጀመሪያ እሱን ይይዛል። ወይ «ቦርዱ ይቀየር» ይባላል፣ ወይ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። አንዱ ገንዘብ ያስወጣል፣ ሌላው የደንበኛ ፋይል ያስጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው ወይስ የዊንዶውስ የሚለውን እንለይ። ይህን ለመለየት ምንም መግዛት አያስፈልግም።

«ዩኤስቢ ዲቫይስ ኖት ሪኮግናይዝድ» (የተሰካው ዕቃ አልታወቀም) ከሚለው መልእክት ልጀምር፣ ምክንያቱም እርስዎን ያስደነገጠዎት እሱ ነው፣ እኔ ግን ደስ ያለኝ እሱን ሳነብ ነው። በተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ። ሁለቱ ኃይል ያመላልሳሉ፦ አንዱ 5 ቮልት፣ አንዱ ግራውንድ (የኃይሉ መመለሻ)። የቀሩት ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። ሰማያዊ ምላስ ያላቸው የዩኤስቢ 3.0 ፖርቶች ተጨማሪ አምስት ሽቦ አላቸው፣ ግን እነዚያው የመጀመሪያዎቹ አራት በእነሱም ውስጥ አሉ። አንድ ፍላሽ ሲሰካ በመጀመሪያ ከመረጃ ሽቦዎቹ በአንዱ ላይ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩም በዚያ «የተሰካ ነገር አለ» ብሎ ያውቃል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ማንነቱን ይጠይቀዋል፦ ማን ሠራህ፣ ምን ዓይነት ዕቃ ነህ፣ ምን ያህል ኃይል ትፈልጋለህ? መልሱ ካልመጣ ወይም ተበላሽቶ ከመጣ፣ ያ መልእክት ይወጣል። በር ላይ «ቤቶች!» ያለ ሰው «ማን ልበል?» ሲባል ዝም ቢል እንደማለት ነው። መንኳኳቱ ግን ተሰምቷል። ፖርቱ ሙሉ በሙሉ ሞቶ ቢሆን ኖሮ መልእክቱም አይመጣም ነበር።

ስለዚህ የኋላዎቹ ፖርቶች በሕይወት አሉ፣ መስማት ይችላሉ። ስልክዎ ቻርጅ ማድረጉ 5 ቮልቱ እንዳለ ይነግረናል። ማውሱ መሥራቱ ደግሞ ቢያንስ አንዱ ኮንትሮለር (ፖርቶቹን የሚቆጣጠረው ቺፕ) እንደሚሠራ ያሳያል። የፊቶቹ ሁለቱ ግን ድምፅ አልባ ናቸውና ምናልባት የሌላ ብልሽት ውጤት ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አንጨፍልቃቸው፤ ወደ እነሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» ያሉት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዴስክቶፕ ሲጠፋ በትክክል አይጠፋም። የማውሱን ሆድ ይመልከቱ፤ በብዙ ኮምፒውተር ላይ ሻት ዳውን ካደረጉ በኋላም ቀዩ መብራት እንደበራ ይቆያል። ፓወር ሳፕላዩ ግድግዳው ላይ እስከተሰካ ድረስ ለማዘርቦርዱ አነስተኛ የ5 ቮልት መጠባበቂያ ይሰጣል፣ ዩኤስቢዎቹም ብዙ ጊዜ ከእሱ ይመገባሉ። መብራት ሲመላለስ የተደናገረ ኮንትሮለር ወይም የተሰካ ዕቃ እንደተደናገረ ሌሊቱን ሙሉ ሊያድር ይችላል። በዚህ ላይ ዊንዶውስ 10 «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለው። ሻት ዳውን ሲሉት የሲስተሙን ውስጣዊ ክፍልና የድራይቨሮቹን (ዕቃዎቹን የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲበራ እንዳለ ይመልሰዋል፣ ስህተቱንም ጭምር። ከአዲስ የሚጀምረው ሪስታርት ሲሉት ነው። ብዙዎች ተቃራኒውን ያስባሉ።

ሦስተኛም አለ። ፖርቶቹ ከመጠን በላይ ኃይል ሲሳብባቸው የሚቆርጥ መከላከያ አላቸው። በመስፈርቱ አንድ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3.0 ፖርት 900 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው። በብዙ ቦርድ ላይ ያለው መከላከያ ሲግል የሚዘጋ ሲበርድ የሚከፍት ፊውዝ ነው፤ ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ እስኪበርድ ድረስ ዘግቶ ሊቆይ ይችላል።

ለሦስቱም መድኃኒቱ አንድ ነው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ዩኤስቢ የሆነውን ሁሉ ይንቀሉ፤ ማውሱን፣ ፕሪንተሩን፣ ካሜራም ካለ። ከዚያ ሻት ዳውን ያድርጉና የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። ማብሪያውን ብቻ መዝጋት አይበቃም። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ የማብሪያውን ቁልፍ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ በቦርዱ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። አንዳንዴ ፋኑ ለአፍታ ንቅንቅ ሲል ያያሉ፣ አይደንግጡ። አሥር ደቂቃ ያህል ይተዉትና ኪቦርዱ ብቻ እንደተሰካ ያብሩት። ዊንዶውስ ከተከፈተ በኋላ ማውሱን ከኋላ ይሰኩና አንድ ጊዜ ሪስታርት ያድርጉት፤ ፋስት ስታርትአፕ ያስቀመጠውን የሚያጸዳው ሪስታርቱ ነው። መብራት ከተመላለሰ በኋላ ለሚመጣ ችግር ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ እርምጃ አላውቅም፤ በጣም ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ሲበራ ሰዓቱንና ቀኑንም ይመልከቱ። ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ የድሮ ዓመት ካሳየ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ሳንቲም የመሰለች ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚቀድመው ፕሮግራም) ቅንብሩ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ የዩኤስቢው ቅንብርም አብሮ። ባትሪዋ ርካሽ ናት፣ ይቀይሯት።

ማውሱ ከሠራ የሚቀጥለው ሥራ ጥፋተኛውን ዕቃ መፈለግ ነው። አንድ የተበላሸ ዕቃ ኮንትሮለሩን ረብሾ ሌሎቹን ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ፍላሽ አንድ ይሰኩ፣ ይጠብቁ። ከዚያ ሌላ ፖርት ላይ ያንኑ ፍላሽ ይሞክሩ። ፕሪንተሩን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ፕሪንተሩ በተሰካ ቅጽበት ሁሉም ነገር ከወደቀ፣ ችግርዎ ከፕሪንተሩ የዩኤስቢ በኩል ወይም ከገመዱ ነው። ሌላ ገመድ ተውሰው ይሞክሩ፤ ርዝመቱ ከ5 ሜትር የማይበልጥ፣ ቢቻል በጣም አጭር ይሁን።

ስለ ፕሪንተር አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብዙ ሱቅ ውስጥ ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) የለውም፤ ወይም ሶኬቱ ኖሮት ማከፋፈያው ሁለት እግር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ሶኬት ላይ፣ ፕሪንተሩ ሌላ ሶኬት ላይ ይሰካል። ኧርዝ ከሌለ ከእያንዳንዱ ዕቃ ብረት አካል ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀራል፤ ኬዙን በእጅዎ ጀርባ ሲነኩት ነዘር ካደረገዎት እሱ ነው። ሁለቱን ዕቃ የሚያገናኛቸው የዩኤስቢው ገመድ ብቻ ከሆነ ልዩነቱ በዚያ ቀጭን ገመድ ውስጥ ያልፋል፣ መብራት ዘሎ ሲመጣ ደግሞ ከባዱም በዚያው ያልፋል። ፕሪንተር የተሰካበት ፖርት ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ዕቃ ኧርዝ ባለው አንድ ማከፋፈያ ላይ ያድርጓቸው፤ ግድግዳው ውስጥ ኧርዝ ከሌለ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ያስገቡ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያው መልእክት ከመጣ፣ አሁን የልጁን ቃል የምንፈትንበት ሰዓት ነው። ፈተናው ባዮስ ነው። ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳ የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ ምንም ያህል ቢበላሽ እሱን አይነካውም። የዩኤስቢ ኪቦርድ ከጎረቤት ይዋሱ። ኮምፒውተሩን ሲያስነሱ ዲሊት (Del) የሚለውን ቁልፍ ወይም ኤፍ 2፣ በአንዳንዱ ኤፍ 10 ደጋግመው ይጫኑ፤ በክቡ ኪቦርድዎ መግባት ይችላሉ። ከገቡ በኋላ በተዋሱት የዩኤስቢ ኪቦርድ ቀስቶቹን ይጫኑ። ምርጫው ከተንቀሳቀሰ ያ ፖርት ደህና ነው፣ ሽቦውም ኮንትሮለሩም። ፖርት በቀየሩ ቁጥር ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሱት፣ ምክንያቱም አንዳንድ ባዮስ መሐል ላይ የተሰካውን አያይም። «ፋስት ቡት» የሚል ቅንብር በርቶ ካገኙ ያጥፉት፤ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ዩኤስቢውን ሳያነቃ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚህም የጠነከረ ማረጋገጫ ከፈለጉ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሌላ ሲስተም) የተጫነበት ፍላሽ ከሚያውቁት ባለሙያ ይዋሱና ኮምፒውተሩን በእሱ ያስነሱት፣ ሳይጭኑት «ትራይ» በሚለው ብቻ። ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ከተነሳ፣ ማውሱም ፍላሾቹም በዚያ ከሠሩ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይዘጋል። ችግሩ ዊንዶውስ ነው፣ የሚፈታውም እዚያው ነው። ማንም ባለሙያ «ቦርዱ ሞቷል» ሲልዎት ከእነዚህ ሁለት ፈተናዎች አንዱን በፊትዎ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ጥሩ ባለሙያ አይከፋውም።

ዊንዶውስ ውስጥ የምንሠራው እንዲህ ነው። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ጠቅ አድርገው ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ፣ ከታች «ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለርስ» የሚለውን ይዘርጉ። ቢጫ ምልክት ያለበትን ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ ቁጥር ያገኛሉ። ኮድ 43 ማለት ዕቃው ራሱ ብልሽት አለብኝ ብሏል ወይም ማንነቱን ሲጠየቅ አልመለሰም ማለት ነው፤ የእርስዎ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ጋር ነው የሚመጣው። ኮድ 28 ከሆነ ድራይቨር የለውም። ከላይ «ቪው» የሚለው ውስጥ «ዲቫይስስ ባይ ኮኔክሽን» ብለው ቢመርጡ ደግሞ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ኮንትሮለር ሥር እንደተንጠለጠለ እንደ ዛፍ ዘርግቶ ያሳይዎታል። የማይሠሩት ሁሉ በአንድ ኮንትሮለር ሥር ተሰብስበው ማውሱ በሌላው ላይ ብቻውን ከሆነ፣ ትልቅ ፍንጭ አገኘን።

ቀጥሎ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን «ሆስት ኮንትሮለር» የሚሉትን አንድ በአንድ በቀኝ ጠቅ እያደረጉ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ይበሏቸው። የድራይቨሩን ሶፍትዌር ጭምር ላጥፋ የሚል ሳጥን ከመጣ ምልክት አያድርጉበት። ማውሱ ወዲያው መሞቱ አይቀርም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ኪቦርዱም ይሞትበትና ይጨነቃል፤ የእርስዎ ኪቦርድ ግን በዩኤስቢ ስላልሆነ ይተርፋል፣ ስለዚህ ያንን ክብ መሰኪያ ያለው ኪቦርድ አይጣሉት። በእሱ ሪስታርት ያድርጉ፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ኮንትሮለሮቹን እንደ አዲስ አግኝቶ ድራይቨራቸውን መልሶ ይጭናል። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተው ፋስት ስታርትአፕን ያጥፉት። እዚያው በአድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውንም ቢዘጉት ጥሩ ነው፤ ኃይል ለመቆጠብ ፖርት የሚያስተኛ ነው፣ ለዴስክቶፕ የሚጠቅመው ነገር የለም። ድራይቨር ካስፈለገ ከማዘርቦርዱ ወይም ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ የቺፕሴቱን (የቦርዱን ዋና ቺፕ) ብቻ ያውርዱ። «ድራይቨር ሁሉ አዘምናለሁ» የሚሉትን ፕሮግራሞች አይጫኑ፤ ከሚያስተካክሉት የሚያበላሹት ይበልጣል።

ስልኩ ቻርጅ አድርጎ አለመታየቱ ግን ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ገበያ ላይ ካሉት ገመዶች አንዳንዶቹ የኃይሉን ሁለት ሽቦ ብቻ የያዙ ናቸው። መረጃ የሚያስተላልፍ ገመድ ቢሆንም አንድሮይድ ስልክ ራሱ ላይ «ፋይል ትራንስፈር» ካልመረጡ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል።

ማውስና ፕሪንተር ሠርተው ፍላሽ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ፖርቱን ይተዉት። ወይ ፍላሹ ፊደል (ዊንዶውስ ለድራይቭ የሚሰጠውን እንደ E: ያለ መጠሪያ) አጥቷል፣ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብተው ፊደል ይሰጡታል፤ ወይ ቫይረስ ወይም የቀድሞ መሥሪያ ቤት ቅንብር ፍላሽን ዘግቷል።

ወደ ፊቶቹ ሁለት ፖርቶች ልመለስ። እነሱ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ አይደሉም። ከኬዙ ፊት ተነስቶ በውስጥ የሚሄድ ገመድ ነው ከቦርዱ ጋር የሚያገናኛቸው። ያ ገመድ ከላላ ወይም ከተነቀለ እንደነገሩኝ ጸጥ ይላሉ። ኃይሉን ከግድግዳ ነቅለው የኬዙን ጎን ይክፈቱ፣ ብረቱን ነክተው ከሰውነትዎ ያለውን ስታቲክ ያውጡ፣ ከዚያ ገመዱን ይከተሉ። የዩኤስቢ 2.0 ከሆነ ማሰኪያው ላይ ዘጠኝ መርፌ አለ፣ በአንዱ ጥግ አሥረኛው ጎድሎ፤ የገመዱ ጫፍም አንድ ቀዳዳው ድፍን ነው። ድፍኑን ከጎደለው መርፌ ጋር አስተካክለው ቀጥ አድርገው ይግፉት። ሰማያዊ ወፍራም ገመድ ከሆነ የዩኤስቢ 3.0 ነው፣ መርፌዎቹ ቀጭንና ብዙ ናቸውና በኃይል አይጫኑት፣ አንዷ ከተጣመመች ማቃናቱ ከባድ ነው።

ኬዙ ተከፍቶ ሳለ በስልክዎ መብራት የፖርቶቹን ውስጥም ይዩ። በሱቅ ሥራ ላይ የፊት ፖርት በቀን ብዙ ፍላሽ ይገባበታል። ውስጡ ያለችው ላስቲክ ምላስ ተሰብራ፣ ከአራቱ የወርቅ ቀለም ንጣፎች አንዱ ተነስቶ ወደ ጎረቤቱ ተደግፎ ሊሆን ይችላል። ይህ የተለመደ ነው፤ አንዱ ንጣፍ 5 ቮልቱን ከግራውንዱ ጋር ካነካካ ያ ፖርት መከላከያውን እያዘጋ ጎረቤቶቹንም ይዞ ይወድቃል። እንዲህ ካዩ የፊቱን ገመድ ከቦርዱ ላይ ነቅለው ይተዉት፣ የኋላዎቹ በዚያ ብቻ ሊመለሱ ይችላሉ። አቧራ ብቻ ከሆነ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ፣ ቢበዛ ጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል ነክረው ይጥረጉና እስኪደርቅ ይጠብቁ። መርፌም ስፒልም አያስገቡ።

አንዳንድ ፖርት በባዮስም በኡቡንቱም አልሠራ ካለ፣ ያን ጊዜ የሃርድዌር ብልሽት ነው እላለሁ። ያኔም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሙሉ ማዘርቦርድ አይቀየርም። ባለሙያው በማልቲሜትር 5 ቮልቱን ይለካል፤ ከ4.75 እስከ 5.25 ካሳየ ኃይሉ ደህና ነው። ኃይል ከጠፋ ፊውዙ ይቀየራል። ኃይል ኖሮ መረጃ ከሌለ በፖርቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ መከላከያ ዳዮድ ትታይ፤ ሥራዋ መብራት ሲዘል ትርፉን ወደ ግራውንድ አውጥታ ቺፑን ማዳን ነው፣ ሲከብዳት ራሷ ትቃጠላለች። እነዚህን የሚቀይር ጥሩ በያጅ ካገኙ ሥራው ረጅም አይደለም። በያጅ ካላገኙ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ካለ የዩኤስቢ ካርድ ይሰካበታል። ዊንዶውስ 10 የዩኤስቢ 3.0 ድራይቨር በውስጡ ስላለው ብዙዎቹ ካርዶች እንደተሰኩ ይሠራሉ። ዋጋው ከማዘርቦርድ ጋር አይወዳደርም፣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ፕሪንተሩን በካርዱ ላይ ብቻ ካደረጉት ሌላ ቀን ቢቃጠል የሚቃጠለው ካርዱ ነው። ማዘርቦርዱ ይቀየር የምልዎት ዋናው ቺፕ (ቺፕሴቱ) ያለ ምንም ሥራ እጅ የሚያስለቅቅ ሙቀት ካወጣ፣ ወይም በባዮስ ውስጥ አንድም ፖርት ካልሠራ ብቻ ነው።

ለወደፊቱ፣ መብራት ሲሄድ የኮምፒውተሩንም የፕሪንተሩንም ገመድ ይንቀሉ፣ ሲመጣም ወዲያው አይሰኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ነው ቮልቴጁ የሚዘለው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ከገዙ ኮምፒውተሩን ባትሪው ላይ ያድርጉ፣ ሌዘር ፕሪንተር ግን በባትሪው በኩል አይሰኩ፤ ወረቀቱን የሚያሞቀው ክፍል በአንድ ጊዜ የሚስበው ኃይል ለትንሽ ዩፒኤስ ከባድ ነው።

ይህን ሞክረው ካልተፈታ ሦስት ነገር ጽፈው ይመልሱልኝ፦ በባዮስ ውስጥ የትኞቹ ፖርቶች እንደሠሩ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ያለውን የኮድ ቁጥር፣ እና የማዘርቦርዱን ሞዴል። ሞዴሉ ቦርዱ ላይ በትልቁ ተጽፎ ያገኙታል፣ በስልክ ፎቶ አንስተው ቢልኩት ይበቃል። ካርድ የሚያስፈልግ ከሆነ ለእሱ የሚሆን ማስገቢያ እንዳለው አይቼ እነግርዎታለሁ።